ኑዛዜን በሕግ እንደጸና ማቆየት፦ ከፊርማው ቀን እስከ መክፈቻው ቀን

አንድ ሰው ቤቱንና ገንዘቡን ለማን እንደሚተው ወስኖ፣ በወረቀት አስፍሮ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ያርፋል። ከሞቱ በኋላ ግን ወረቀቱ ሲወጣ የአንድ ምስክር ፊርማ ጎድሎት፣ ወይም መነበቡን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍበት ቀርቶ፣ ወይም በእጅ ተጽፎ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሣጥን ሳይወጣ ኖሮ ይገኛል። ያን ጊዜ ተናዛዡ ተነሥቶ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ይህ መመሪያ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አድርጎ፣ ኑዛዜን በትክክል ማስቀመጥና በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው ማድረግ የሚቻልበትን ቅደም ተከተል ያሳያል። ንብረቱ ለማን ይሰጥ የሚለው የእርስዎ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሰባስቡ፦ የኑዛዜውን ዋና ቅጂ፣ ከዚያ በፊት ያደረጓቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ፣ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ማስረጃ፣ በኑዛዜው የተጠቀሱ ንብረቶችን የባለቤትነት ሰነድ። የባለትዳር ንብረት ከሆነ የጋራው ከግሉ ተለይቶ ይታወቅ፤ ከጋራ ሀብት ላይ መናዘዝ የሚችሉት የራስዎን ድርሻ ብቻ ነው። የገጠር መሬት ይዞታ በኑዛዜ የሚተላለፍበት ሁኔታ በመሬት ሕጎች ስለተገደበ፣ እንዲህ ያለ ይዞታ ካለዎት ከሌላው ንብረት ለይተው በአካባቢዎ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያጣሩ።

ይህን ሥራ በወኪል አይጀምሩት። በአንቀጽ 857 መሠረት ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ብቻ የሚፈጽመው ተግባር በመሆኑ፣ ጠቅላላ ውክልና የሰጡት ልጅዎም ሆነ ጠበቃዎ በስምዎ ሊናዘዝልዎ፣ ኑዛዜዎን ሊለውጥልዎ ወይም ሊሽርልዎ አይችልም።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ወረቀት የትኛው ዓይነት ኑዛዜ እንደሆነ ይለዩ

ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ እና የቃል ኑዛዜ። አቀማመጡም ሆነ የጊዜ ገደቡ እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ ይህን ሳይለዩ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ።

1. ወረቀቱ በምስክሮች ፊት ተነቦ እርስዎና ምስክሮቹ ከፈረማችሁበት፣ በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ነው። የጻፈው እርስዎም ሆኑ እርስዎ እየነገሩት ሌላ ሰው፣ ለውጥ አያመጣም።

2. ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በገዛ እጅዎ ጽፈው፣ ምስክር ሳይኖር የፈረሙት ከሆነ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ነው።

3. ምንም ወረቀት ከሌለና ለሁለት ሰዎች በቃል ብቻ የተናገሩት ከሆነ፣ የቃል ኑዛዜ ነው። ይህ ሞቱ መቃረቡን የተረዳ ሰው ለአስቸኳይ ጊዜ የሚጠቀምበት መንገድ ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለውም የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን ነው። ተናዛዡ ከተናገረበት ቀን በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ቀሪ ይሆናል፣ ማለትም ዋጋ ያጣል (አንቀጽ 902)። «ለልጆቼ ነግሬአቸዋለሁ» ብለው ቤት ለማስተላለፍ የተማመኑ ሰው ካሉ፣ በእጃቸው ምንም የለም።

*ጥንቃቄ።* ከሁሉ የከፋው በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ያለ ምስክር የተፈረመው ወረቀት ነው። ምስክር ስለሌለበት በግልጽ የተደረገ አይባልም፤ በእጅ ስላልተጻፈም ሁለተኛው ዓይነት ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ሕጉ ተናዛዡ ራሱ በጽሕፈት መኪና የጻፈውን ኑዛዜ በጥብቅ ሁኔታ የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ጣቶቹ የማን እንደነበሩ ማስረዳት ግን ለወራሾችዎ የሚተርፍ ጭቅጭቅ ነው። የእርስዎ ወረቀት እንዲህ ያለ ከሆነ አያስቀምጡት፤ በሁለቱ መንገዶች በአንዱ እንደ አዲስ ያድርጉት።

ደረጃ 2፦ ከማስቀመጥዎ በፊት የአጻጻፍ ጉድለቱን ይፈትሹ

ጉድለት ያለበትን ኑዛዜ በብረት ሣጥን ቢቆልፉበት ጉድለቱም አብሮ ይጠበቃል። ስለዚህ ይህን ፍተሻ እርስዎ በሕይወት ሳሉ ያድርጉት።

*ኑዛዜው በግልጽ የተደረገ ከሆነ፦*

1. ምስክሮቹን ይቁጠሩ። መሠረቱ አራት ምስክር ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ሁለት ይበቃሉ (አንቀጽ 882)። የእኔ ምክር ግን በዚህ ልዩ ሁኔታ ላይ ከመንጠልጠል አራቱን ማሟላት ነው። ሹሙ የፈረመው እንደ ምስክር ነው ወይስ ሰነዱን እንዳረጋገጠ ባለሥልጣን ብቻ የሚል ክርክር ከተነሣ ዓመታት ይወስዳል፤ ሁለት ጎረቤት መጨመር ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

2. መነበቡ መጻፉን ይፈልጉ። አንቀጽ 881 ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት እንዲነበብ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና የተፈጸመበት ቀን በራሱ በኑዛዜው ላይ መገለጽ አለበት። በእውነት ተነቦ ነገር ግን መነበቡ ሳይጻፍ የቀረ ኑዛዜ በብዛት ይታያል፤ ምስክሮች በኋላ ቀርበው «ተነቦልናል» ማለታቸው ሊያድነው ይችላል ብለው አይተማመኑ። ከፊርማዎቹ በላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መኖሩን ያረጋግጡ፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት) በተናዛዡና ስማቸው ከዚህ በታች በተገለጸው አራት ምስክሮች ፊት በሙሉ ከተነበበ በኋላ፣ ተናዛዡ የመጨረሻ ፈቃዳቸው መሆኑን አረጋግጠው፣ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ፈርመናል።»

3. ሁሉም በአንድ መቀመጫ መፈረማቸውን ያስታውሱ። ሕጉ ፊርማው ወይም የጣት ምልክቱ ወዲያውኑ እንዲያርፍ ያዛል። ወረቀቱን ከቤት ቤት እያዞሩ ሰኞ አንዱን፣ ረቡዕ ሌላውን ማስፈረም፣ ምንም እንኳ ሁሉም የታመኑ ሽማግሌዎች ቢሆኑ፣ ለተቃዋሚ በር ይከፍታል።

4. የምስክሮቹን ማንነት ይመልከቱ። ለአካለ መጠን የደረሱ፣ ጉዳያቸውን ራሳቸው እንዳይፈጽሙ በፍርድ ያልተከለከሉ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትንና የተነበበበትን ቋንቋ የሚረዱ ይሁኑ። በኑዛዜው ስጦታ የሚያገኝን ሰው በምስክርነት አያስገቡ።

*ኑዛዜው በራስዎ እጅ የተጻፈ ከሆነ፦*

ሙሉው ጽሑፍ የእርስዎ መሆኑን፣ ሰነዱ «ኑዛዜ» መሆኑን በግልጽ ማስፈሩን፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይም ቀንና ፊርማ በእጅዎ መኖሩን ይመልከቱ (አንቀጽ 884)። ልጅዎ በመሐል ሁለት መስመር ከጨመረልዎ፣ ወይም «አደራ» የሚል ደብዳቤ ጽፈው «ኑዛዜ» የሚለውን ቃል ካልጠቀሱ፣ እንደገና ይጻፉት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፊደሉን ቅርጽ እያየ የገለበጠው ጽሑፍ ዋጋ ስለሌለው፣ እንዲህ ላለ ሰው የሚሆነው በምስክሮች ፊት የሚደረገው ኑዛዜ ነው።

*በሁለቱም ዓይነቶች፦* ስርዝ ድልዝ ካለበት አጽድተው እንደገና ይጻፉት። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በጋራ የተናዘዛችሁ ከሆነ፣ አንቀጽ 858 እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ፈራሽ ስለሚያደርገው፣ የሐሳቡ ስምምነት ምንም ያህል ቢያምር፣ በየራሳችሁ ወረቀት ለየብቻ ተናዘዙ። ተወላጅዎን ከውርስ የነቀሉ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ ይግለጹ፤ ዝም ብሎ ስሙን መተው ልጅን ከውርስ አይነቅልም።

ደረጃ 3፦ የሰባት ዓመቱን ቀን ያስሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል (አንቀጽ 903)። ቤት ውስጥ በጥንቃቄ መያዙ፣ ለታመነ ሰው በአደራ መሰጠቱ፣ ወራሾቹ ሁሉ ማወቃቸው ይህን ቀን አያራዝመውም።

1. በኑዛዜው ላይ ያለውን ቀን ያንብቡና ሰባት ዓመት ይጨምሩ። ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የተጻፈ ከሆነ፣ ጥር 15 ቀን 2019 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት መቀመጥ አለበት።

2. ቀኑን ከመጨረሻው ወር ላይ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድመው በማስታወሻዎና በስልክዎ ይያዙ። ሕመም ቀጠሮ አይጠብቅም።

3. ኑዛዜው በግልጽ የተደረገ ከሆነ ይህ ገደብ አይመለከተውም፤ ቢሆንም ደረጃ 4 ለእርሱም ይጠቅማል።

*ቀኑ ካለፈስ?* በአሮጌው ወረቀት ላይ ቀኑን ፍቀው አዲስ ቀን አይጻፉበት፤ «ዛሬም አጽንቼዋለሁ» የሚል መስመርም ከሥር አያክሉ። በአዲስ ወረቀት ሙሉውን እንደገና ይጻፉ፣ የዕለቱን ቀን ያስፍሩ፣ በዚያው ሳምንት ያስቀምጡት። የቀድሞውን መሻርዎንም በአዲሱ ላይ ይግለጹ።

ደረጃ 4፦ በሚመለከተው ቢሮ ያስቀምጡ

ብዙ ሰው «ውልና ማስረጃ» እያለ የሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ይሠራል፤ በክልሎችም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ሁለተኛው አማራጭ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው።

1. ከመሄድዎ በፊት የሚፈልጉትን በትክክል ይለዩ። *ማረጋገጥ* ማለት ሹሙ ፊርማው የእርስዎ መሆኑን አይቶ ሰነዱን መመዝገቡ ነው። *ማስቀመጥ* ማለት ኑዛዜው በዚያ በአደራ መቀመጡ ነው። ሰዎች አንዱን አድርገው ሌላውንም ያደረጉ ይመስላቸዋል። መስኮቱ ላይ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዋናው ኑዛዜ እዚህ ይቀራል ወይስ ይዤው እመለሳለሁ? መቀመጡን የሚያሳይ ምን ይሰጠኛል?»

2. ራስዎ ይሂዱ። መታወቂያዎ ያላለፈበት ይሁን፤ ስምዎ በመታወቂያውና በኑዛዜው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። «ኃይለ» እና «ሀይለ» ለወዳጅ አንድ ነው፤ ለመዝገብ ሠራተኛ ግን ጥያቄ ያስነሣል።

3. በዕድሜ የገፉ ወይም በሕክምና ላይ ያሉ ከሆነ፣ በቅርብ ቀን የተሰጠ፣ አእምሮዎ ጤናማ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ይያዙ። ግዴታ ባይሆን እንኳ፣ በኋላ «ራሱን አያውቅም ነበር» ለሚል ክርክር ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ነው።

4. የተቀመጠበትን ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም የያዘ ማስረጃ ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ። በእጅ ለተጻፈ ኑዛዜ ሰባት ዓመቱ ሳይሞላ መቀመጡን የሚያስረዳው ይህ ወረቀት ነው።

5. ከተቀመጠው ኑዛዜ ላይ በመዝገብ ሹሙ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ተብሎ የተረጋገጠ ቅጂ ይጠይቁ። አንቀጽ 897 ኑዛዜ መኖሩና ይዘቱ የሚረጋገጠው ራሱን ኑዛዜውን ወይም ተረክቦ ያስቀመጠው ባለሥልጣን ያረጋገጠውን ቅጂ በማቅረብ መሆኑን ይደነግጋል። በስልክ የተነሣ ፎቶም ሆነ ተራ ፎቶ ኮፒ ይህን ቦታ አይተካም።

ቢሮው «ኑዛዜ በአደራ አናስቀምጥም» ቢልዎት፣ ምላሹን ይዘው ወደ ቤት አይመለሱ። ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሂዱና ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ያመለከቱበትን ቅጂ በገቢ ማኅተም አስመትተው ይያዙ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ በእጅዎ የሚቆይ ከሆነ

በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ በቤት ቢቀመጥም በሕግ ይጸናል። ጠላቶቹ እርጥበት፣ እሳት፣ አይጥና ቅር የተሰኘ ዘመድ ናቸው።

ኑዛዜውን ላሚኔት አያስደርጉ። መታወቂያም፣ የልደት ካርድም፣ ዲፕሎማም ላሚኔት ማስደረግ ስለለመድን ይህ እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ፊርማው «የእርሱ አይደለም» ከተባለ፣ ቀለሙንና የብዕሩን ጫና የሚመረምረው ባለሙያ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ላይ ሥራው ይከብደዋል። በደረቅ ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ ፖስታውን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይክተቱት። ሌላ ወረቀት በስፒል አያያይዙበት፤ የስፒሉ ቀዳዳ «የተነቀለ ገጽ አለ» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ገጾቹን «1 ከ3፣ 2 ከ3» እያሉ ይቁጠሩ።

ዋና ቅጂ አንድ ብቻ ይሁን። ሦስት ዋና አዘጋጅቶ ለሦስት ልጆች ማደል አስተማማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ተቀዶ ሲገኝ ተናዛዡ ኑዛዜውን ሽሮታል ወይስ አልሻረውም የሚል ክርክር ይወልዳል።

የባንክ የአደራ ሣጥን ለእሳትና ለሌባ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ባንኩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ወራሽነት የሚያስረዳው ሰነድ ወራሽነት ካልተረጋገጠ በማይከፈት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ይህን መንገድ ከመረጡ የተረጋገጠ ቅጂ ከሣጥኑ ውጭ ይኑርዎ።

ደረጃ 6፦ መኖሩን ያሳውቁ፣ ይዘቱን ግን ባይፈልጉ አይንገሩ

ማንም ያላወቀው ኑዛዜ ከሌለ ኑዛዜ አይለይም። ቢያንስ ለሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ ከንብረቱ ምንም ለማያገኝ፣ ኑዛዜ መኖሩን፣ የተደረገበትን ቀን፣ ያለበትን ቦታና የመዝገብ ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጡ። የምስክሮቹን ሙሉ ስምና አድራሻም ያክሉ። በኑዛዜው የውርስ አጣሪ (ውርሱን አጣርቶ ለወራሾች የሚያስረክብ ሰው) ከሰየሙ፣ ያ ሰው መሰየሙን ሊያውቅ ይገባል።

ደረጃ 7፦ ሕይወት ሲለወጥ ኑዛዜውን ያውጡና ያንብቡ

አንዳንድ ኑዛዜ ወረቀቱ ሳይነካ ውስጡ ይወድቃል። ከሚከተሉት አንዱ ሲደርስ ሳይዘገዩ ይመልከቱት፦

- *ልጅ ሲወለድ።* ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ከተቀበለ፣ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ቀሪ ሊሆኑ ይችላሉ (አንቀጽ 904)።
- *ጋብቻ በፍቺ ሲፈርስ።* ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተደረገው ስጦታ ቀሪ ይሆናል። እንዲጸና የሚፈልጉ ከሆነ ከፍቺው በኋላ እንደ አዲስ መናዘዝ አለብዎ።
- *ተቀባዩ ቀድሞዎት ሲሞት።* ስጦታው ለማን እንደሚሄድ ራስዎ ይወስኑ።
- *የተናዘዙበትን ቤት ወይም መኪና ሲሸጡ።* በዚያ ንብረት ላይ ያለው ቃል ይሻራል፤ በሽያጩ ገንዘብ የተገዛው ሌላ ቤት በራሱ ጊዜ አይተካውም።

ለማሻሻል ሲፈልጉ በዋናው ላይ አይሰርዙ፣ በኅዳጉም አይጻፉ። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም አዲስ ሙሉ ኑዛዜ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ ተጨማሪ ኑዛዜ የሚያደርጉ ከሆነ ግን እርሱም እንደ ዋናው ምስክሩን፣ መነበቡንና ፊርማውን ማሟላት አለበት። የመጀመሪያውን ሲሽሩ «በ… ቀን ያደረግሁትን ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ ሽሬአለሁ» ብለው ይጻፉ። ይህን ካላሉ፣ የሚሻረው ከአዲሱ ጋር የሚቃረነው ክፍል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ወራሾች ሁለት ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው እንዲከራከሩ ይፈርድባቸዋል። አሮጌውን መቅደድ የሚገባው አዲሱ ተፈርሞ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከቀደዱት በመሐሉ ያለ ኑዛዜ ይቀራሉ።

ችግር ሲያጋጥም

*ዋናው ጠፋ፣ ተናዛዡ በሕይወት አሉ።* ፍለጋ ላይ ጊዜ አያጥፉ። አዲስ ያድርጉ፣ የጠፋውንም በቀኑ ጠቅሰው ይሻሩ።

*ዋናው ጠፋ፣ ተናዛዡ ሞተዋል።* በመጨረሻ ይኖሩበት በነበረው አካባቢ ባሉ ፍርድ ቤቶችና የሰነድ ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጦ እንደሆነ ያመልክቱ። ዋናውም ሆነ የተረጋገጠ ቅጂው ካልተገኘ፣ በምስክር ቃል ኑዛዜውን መልሶ ማቆም አይቻልም። የሰው ምስክር የሚረዳው ኑዛዜው በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ እንዲጠፋ ካደረገው ሰው ካሣ ለመጠየቅ ነው።

*ምስክር ሞተ።* በሥርዓቱ የተፈጸመ ኑዛዜ በዚህ አይፈርስም። በሟቹ ምትክ ሌላ ሰው በአሮጌው ወረቀት ላይ እንዳያስፈርሙ፤ ያ ራሱ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ተናዛዡ በሕይወት ካሉና ካሳሰባቸው በአዲስ ምስክሮች አዲስ ያድርጉ።

*ቀለሙ እየደበዘዘ ነው።* በላዩ ላይ በብዕር አያድምቁት። ገና የሚነበብ ሳለ በአዲስ ወረቀት፣ ሥርዓቱን በሙሉ ደግመው ይፈጽሙ።

*ኑዛዜው በእርስዎ እጅ ያለ አደራ ነው፣ ተናዛዡም አርፈዋል።* ይዘቱ ባያስደስትዎትም አይደብቁት፤ መኖሩን ለውርስ አጣሪው ያሳውቁ፣ ወይም ለፍርድ ቤት አስረክበው ደረሰኝ ይቀበሉ። የሟችን ኑዛዜ አስቦ ያጠፋ፣ የሰወረ ወይም የለወጠ ሰው ለመውረስ ያልተገባ ተብሎ ከውርሱ ሊወጣ ይችላል (አንቀጽ 840)። ሁለት ኑዛዜ ካገኙ ሁለቱንም ያስረክቡ፤ የትኛው እንደሚጸና የሚለየው ፍርድ ቤቱ ነው።